የኤና ሚዛን

«አይ፣ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል መጋራቱ ምንም አያስጨንቃትም። እንዲያውም ደስ ብሏታል» ሲል ሎርና የወንድሟን ድምፅ ሰማች። ዳረል ያለው ታች ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ገና የሌሊት ልብሷን ሳትቀይር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ቤቱ በዊኒፔግ ከተማ ሰሜን በኩል ካሉት አሮጌ የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው። ምድር ቤት ካለው ማሞቂያ የሚነሳው ሙቅ አየር በቆርቆሮ ቱቦ እየዞረ በየክፍሉ ወለል ላይ ባለ ፍርግርግ ቀዳዳ ይወጣል፤ ከአየሩ ጋር ወሬውም አብሮ ይወጣል። ዳረል ደግሞ ስልክ ሲያወራ ሰዎቹ እውነትም ሩቅ ያሉ ይመስል የሚጮህ ሰው ነው። ከድምፁ በስተጀርባ ማንኪያ ከኩባያ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። እናታቸው አግነታ እዚያው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ቡናዋን እያማሰለች ነው ማለት ነው። አግነታ ቡና የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው፤ የሚማሰል ነገር የለውም።

ሎርና «ማን ነው ደስ ብሏታል ያለህ?» ብላ ወደ ቀዳዳው ልትጮህ ቃጣት፤ ግን ተወችው። በሥራ ቀን በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የአቤቱታ ስልክ ታነሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተናደደ ሰው ስትሰማ ስለኖረች፣ ደዋዩ ቃል ከማውጣቱ በፊት በሚስበው ትንፋሽ ብቻ የተቆጣውን ካፈረው፣ ያፈረውን ከብቸኛው እለያለሁ ብላ ታምናለች። አሁንም በማንኪያው ድምፅ ፈረደች። እናቷ ቆስላለች፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት በገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ በገዛ ልጇ አፍ፣ ከማታውቃት ሴት ጋር አንድ ክፍል ልትገባ ነው። በጥር ወር የጓሮው ደረጃ ላይ አንሸራቷት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ፎቅ አትወጣም፤ የመመገቢያ ክፍሉን ጠረጴዛ አውጥተው አልጋዋን እዚያ አስገብተውላታል። ዳረል ከወንዙ ማዶ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ካገኘ ሦስት ሳምንቱ ነው። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ስለ ጉዳዩ ያላወራ ሰው ቢኖር አግነታ ብቻ ናት።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር መልእክት ነበረች። «ኤና አሁንም ከብዳለች። አላሳልፍም። ኦርቪል።»

ሎርና ከሰባት ሰዎች ጋር ሆና በኢንተርኔት አንድ ታሪክ መጻፍ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ የዚያ ሰው ንግግርም ሥራም የፈጣሪው ነው፤ አንዱ ጥቂት መስመር ይጽፋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ታሪኩም ማንም ብቻውን ወዳላሰበው ቦታ ይሄዳል። ያለፈው ታሪክ በኅዳር ተጠናቋል። አዲሱ፣ በጀልባ ብቻ የሚደረስባት ደሴት ላይ የሚሆነው፣ የሚከፈተው ዛሬ እሁድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስምንት ቦታ አለው፤ ሰባቱ ተይዘዋል። ስምንተኛው የሎርና ነው ተብሎ ቢቆይም፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የፈጠረቻት ሰው ካላለፈችና የመጀመሪያ አረፍተ ነገሯን ካልላከች፣ ሃሊፋክስ ላለች አንዲት ተጠባባቂ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ታሪክ አንዴ ከተጀመረ ሁለትና ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሎርና አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰዎች «እሷስ ምን ትል ይሆን?» ብለው ቃሏን የሚጠብቁበት ሌላ ቦታ የላትም፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለራሷ ግን ትናንት ማታ ጥርሷን ስትቦርሽ ነግራታለች።

አዲስ ሰው የሚያሳልፈው ወይም የሚመልሰው መዛኙ ነው። መዛኙ ኦርቪል ይባላል፤ ሙስ ጆ በምትባል ከተማ የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ሲቆጣጠር ነው የኖረው። የመዛኝነቱ ሥራ ቀላል ይመስላል። አንዱ ሰው ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ ታሪኩ የሱ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ልዩ ችሎታ ያለው ሰው ሁሉ ተመዝኖ ነው የሚገባው። ከዚያ በላይ ደግሞ ማንም የማይደራደርበት አንድ ሕግ አላቸው፤ የሰውን ሰው አትንካ ይላል። የራስህ ሰው ቡጢ ሰነዘረ ብለህ መጻፍ ትችላለህ፤ ጥርስ አወለቀ ብለህ ግን አትጽፍም፤ ጥርሱ የሌላ ሰው ነው።

የሎርና ሰው ኤና ናት። የጀልባ ጣቢያው ነርስ ናት፤ የሰው ስሜት ይሰማታል። መጀመሪያ ሎርና ስትጽፋት በመቶ እርምጃ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐዘኑም ፍርሃቱም የሚሰማት፣ እጇን ዘርግታ የተረበሸን የምታረጋጋ አድርጋት ነበር። ኦርቪል በሁለት ቃል መለሳት። ትናንት መቶውን ወደ ሃያ አወረደችው፤ በተጠቀመችበት ቁጥር ራሷን እንዲያማት፣ ሲበዛም ነስር እንዲነስራት አደረገች። ዛሬ ጠዋት ይኸው ተመልሳለች።

ለብሳ ወረደች። ዳረል ያመጣው የዶናት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ስልኩን ጨርሶ ስለ መኪና ጎማ እያወራ ነበር፤ አራት ጎማ ለመቀየር ስምንት መቶ ዶላር እንደጠየቁት፣ በዚህ ከተማ ጉድጓድ ላይ ስምንት መቶ ዶላር ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ። አግነታ «አባታችሁ አሮጌ ጎማ ነበር የሚገዛው» አለች። ዳረል «አባባ በሳምንት አንዴ ነበር የሚነዳው፣ እማ» አላት።  ማቀዝቀዣው ተነሳ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ሎርና በሩ ላይ ተደግፋ የእናቷን እጅ አየች። ግራ እጇ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ይዞ እያጠፈ ይፈታዋል።  አንድ ዶናት አንስታ፣ ሳትቀመጥ፣ ወደ ላይ ተመለሰችና ስልኳን አነሳች።

«ኦርቪል» አለ ኦርቪል። ስልክ ሲያነሳ ሃሎ አይልም፤ ስሙን ነው የሚናገረው።

«ምኗ ነው የከበደህ?»

«ደህና አደርሽ ሎርና። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎታል፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ።»

«ደህና አደርክ። ምኗ ነው የከበደህ? ርቀቱን ቀነስኩት። ራስ ምታት ሰጠኋት። ነስር ሰጠኋት!»

«ነስር ሁሉም ይሰጣል። ሁለት ጠንቋይና አንድ ልብ አንባቢ በነስር አልፈውብኛል፤ ሦስት ዓመት መሐረብ ይዘው ዞሩ፤ የቀረባቸው ነገር የለም። ነስር ዋጋ አይደለም። ጌጥ ነው።» ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማት፤ ኦርቪል ሁሉን ነገር ያትማል። «ለናሙና የጻፍሽውን ላንብብልሽ። ‹ኤና ሽማግሌውን አየችው። ሚስቱን ጥሎ በመሄዱ እንደተጸጸተ ገባት።› ማን ነገራት?»

«ችሎታዋ ነዋ! ይሰማታል።»

«ሽማግሌው የኔ ነው። ይጸጸት አይጸጸት እኔ ራሴ ገና አልወሰንኩም። ሰውዬውን ከጀልባው ሳይወርድ አስለቀስሽብኝ እኮ።»

ሎርና ሳትወድ ሳቀች። «እና ምን ላድርግ? ድንጋይ ላድርጋት?»

«እሱን አላልኩም። ስሚ፤ ሰይፍ የያዘ ሰው ቢመጣብኝ እሮጣለሁ፤ ካልሆነም ወንበር አነሳለሁ። ኤና ብትመጣብኝ ምን አደርጋለሁ? ሰው የሚከብደው በጉልበቱ አይደለም፤ ፊቱ የቆመው ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ነው። አስቢበት። እስከ ምሽት አለሁ፤ የትም አልሄድም፤ ውጭው በረዶ ነው።»

አሰበችበት። ቢያንስ ያሰበች መሰላት። ስለ ሐዘን፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ድካም ጻፈች፤ ሰረዘች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከታች የቅቤና የሽንኩርት ሽታ በቀዳዳው ወጣ። አግነታ ቆማ ማብሰል የለባትም፤ ግን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ በአይብ የተሞላውን ሊጥ ቀቅላ፣ ነጩን መረቅ ሠርታ፣ ቋሊማውን ጠብሳ ጨርሳለች። ዳረል የጓሮውን ደረጃ መደገፊያ እንጨት ሲያጠብቅ ቆይቶ በቀዝቃዛ እጁ ገባ። በሉ። እንቁላል አሁንም እንዳልረከሰ ተወራ። የጎረቤቱ ውሻ እንደሞተ ተወራ። ዳረል ሁለተኛ ጊዜ ምግብ እያነሳ «ነገ በአራት ሰዓት እንድናየው ቀጥረውናል» አለ፤ ለእናቱ ሳይሆን ለሎርና ነበር የሚናገረው። «ጥሩ ቤት ነው። ሰዎቹም ጥሩ ናቸው። ማታ ማታ ካርታ ይጫወታሉ። እማ ካርታ ትወዳለች።»

አግነታ ሹካዋን አስቀመጠች። ሎርና አየቻት፤ ትከሻዋ ወደታች ሲል፣ አገጯ ሲጠብቅ። ሎርና ከጠዋት ጀምሮ ስትውጠው የቆየችው ነገር አፏ ላይ መጣ።

«አትፈልግም!» አለች። «ዳረል፣ አይታይህም? አትፈልግም እኮ! ከማታውቃት ሴት ጋር አንድ ክፍል መተኛት አትፈልግም፤ ከዚህ ቤት መውጣት አትፈልግም፤ አንተ ግን በሷ አፍ ደስ ብሏታል ትላለህ። ልቧ እየተሰበረ ነው፤ እኔ ይሰማኛል።»

ዳረል ቋሊማውን እንደወጋ ቀረ። አግነታ ቀስ ብላ ወደ ሎርና ዞረች።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«ምን?»

«ልቧ እየተሰበረ ነው ያልሽውን። ማን ነገረሽ?»

ዳረል «አየሽ?» ማለት ሲጀምር፣ አግነታ ሳታየው «አንተም ዝም በል። ያንተን በስልክ ሰምቼዋለሁ» አለችው። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ሁለቱም ሊደግፏት ብድግ ሲሉ በመዳፏ አስቀመጠቻቸው። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የመመገቢያ ክፍል በር ስለሆነ አይቆለፍም፤ ግን ተዘጋ።

ወንድምና እህት ዕቃ አጠቡ። ዳረል አጠበ፤ ሎርና አደረቀች። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነበር። ብዙ ቆይቶ ዳረል፣ ዓይኑን ከሳሙናው ሳያነሳ፣ «እማ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር አርባ ደቂቃ ነው የምነዳው» አለ። «አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ደረጃው ሥር ወድቃ ነው የምትታየኝ። ስደርስ ቴሌቪዥን እያየች ነው። አራት ጊዜ እንዲህ ሆኗል።» ሎርና ሳህኑን ማድረቋን ቀጠለች። ይህን አልሰማችም ነበር፤ ከትንፋሹም አልለየችውም። ከቁጣው በቀር ሌላ ነገር ይዟል ብላ አስባ አታውቅም። «ጎማህን ቀይር» አለችው። «እቀይራለሁ» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ፎቅ ወጥታ ሦስተኛዋን ኤና ጻፈች። ይህችኛዋ የሚሰማት በእጇ የነካችው ሰው ስሜት ብቻ ነው፤ እሱም በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ። ሎርና የጻፈችውን ሁሉ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ ጆሮዋ ያልተቀበለውን አትልክም። ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ፣ እግሯን ሙቅ አየር የሚወጣበት ፍርግርግ ላይ ዘርግታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። «በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ» ብላ ስትጨርስ፣ ከእግሯ ሥር፣ ከወለሉ ውስጥ፣ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«አራተኛው ሰው ምን በደለ?»

ሎርና እግሯን ሰበሰበች። «እማ?»

«ሦስቱ ተነክተው አራተኛው ሲመጣ ሱቁ ተዘግቷል ልትይው ነው? ውረጂ። በቱቦ ጉሮሮዬን አታስጮኺኝ።»

አግነታ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀዳዳው ከአልጋው ራስጌ በኩል፣ ግድግዳው ሥር ነው። ሎርና በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ትሰሚኛለሽ?» አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ከተኛሁ ጀምሮ ሁሉንም። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ስሆን፤ ቀን ቀን። ያ በፈረስ የሚሄደው ሰውዬሽ ሲሞት ምጣዱ አርሮብኝ ነበር።»

«አንድም ቀን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅሽኝም። ለኔ ብለሽ አላነበብሽው፤ የራስሽ ነው ብዬ ተውኩት።» ብርድ ልብሷን አስተካከለች። «ይቺ ነርስ ግን አናደደችኝ። ራሷን ታሳምሚያታለሽ፣ ታደሚያታለሽ፣ አሁን ደግሞ በቁጥር ታስሪያታለሽ። ሁሌ ስለሷ ነው። ስሜቱ የተወሰደበት ሰውዬ ምን ይላል? አይታወቀውም?»

«አይታወቀውም። እሷ ናት የሚሰማት።»

«ውሸት ነው» አለች አግነታ። «በሩ ላይ ቆመሽ ስታዝኚልኝ አይታወቀኝም መሰለሽ? አሁን ራሱ አድርገሽዋል። ጀርባዬ ላይ በር እንደተከፈተ ነው የሚሰማኝ፤ ብርድ ይገባል። ቡናዬን ሳነሳ ታዝኛለሽ፤ ሳስቀምጥ ታዝኛለሽ። እጄ ቢያሳክከኝ እንኳ ማከክ እፈራለሁ፤ ምን ትርጉም ትሰጪበት ይሆን እያልኩ።»

 አግነታ ድምፅዋን አላነሳችም፤ የገበያ ዝርዝር እንደምትናገር ሰው ነበር የምትናገረው።

«ዳረል አፌን ይቀማኛል፤ እውነት ነው። ግን ዳረልን ዝም በል እለዋለሁ፤ ዛሬም ብየዋለሁ። አንቺን ምን ልበልሽ? ገና አንድ ቃል ሳልናገር ሰምተሽ ጨርሰሻል። አትዘኚ ይባላል?»

«ይቅርታ እማ።»

«ይቅርታ በይ አላልኩሽም። ደክሞኛል፤ አንድ ሰዓት ልተኛ። ሂጂ ሥራሽን ጨርሺ።»

ሎርና ደረጃውን ወጣች። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትጽፍ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው፣ መድኃኒት የምታስውጠው፣ ማታ ትንፋሽ የምታዳምጠው ማን ሆነና? ከቁጣው ሥር ግን የኦርቪል ወንበር ነበር። ኤና ብትመጣብኝ ምን አደርጋለሁ ነበር ያለው። እናቷ የምታነሳው ወንበር አጥታ ነው በሩን የዘጋችው፤ እሱም የማይቆለፍ በር። ሦስተኛዋን ኤና ከላይ እስከ ታች ሰረዘቻት። ርቀቱን ተወችው፤ ራስ ምታቱን ተወችው፤ ነስሩንም ተወችው። የቀረው ትንሽ ነበር። ድምፅ አውጥታ ልታነብ ስትል ትዝ ብሏት ወደ ፍርግርጉ አየች፤ ቆይታ ግን ቀስ ብላ አነበበችው።

«ኤና የሰው ስሜት ይሰማታል። በሚሰማት ጊዜ ግን ሰውየውም ያውቃል፤ ጀርባው ላይ በር እንደተከፈተ ይሆንበታል፤ በዚያው በርም የሷ ስሜት ወደሱ ይገባል። ካልፈለገ ይዘጋዋል፤ ከዘጋው የተዘጋ ነው። የሚሰማት ስሜቱ ብቻ ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የምታውቀው ይመስላትና ትሳሳታለች። ለማወቅ መጠየቅ አለባት።»

ከታች ምንም ድምፅ አልመጣም። ላከችው። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ኦርቪል በሁለት ጣት ነው የሚተይበው፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ሎርና መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ጎዳናው ላይ የቆሸሸው የመጋቢት በረዶ በመኪና ጎማ እየተቆረሰ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ መልእክት ገብቷል።

«የኔ ሽማግሌ ቢዘጋባትስ?»

«ውጭ ትቆማለች» ብላ መለሰች።

«ውጭ ቆማ ምን ታደርጋለች?»

«ልትጠይቀው ትችላለች።»

«አልመልስም ካላትስ?»

ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ቆየ። ነርስ ናትና ከፊቱ ታነብባለች ብላ ልትጽፍ ነበር። ሙያ አላት፣ ልምድ አላት፤ ከትንፋሹም ትለያለች። ጽፋው አየችውና አጠፋችው። «ያን ጊዜ አታውቅም» ብላ ላከች።

ኦርቪል ቆየ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀር መለሰ። «ከዚህች ሴት ጋር የኔ ሽማግሌ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ምን እንደሚላት አላውቅም፤ ግን መቀመጡን ይቀመጣል። ተመዝናለች። የመጀመሪያ አረፍተ ነገርሽን እስከ አሥራ ሁለት ላኪ፤ አንድ ደቂቃ ብታልፊ ቦታሽ የሃሊፋክሷ ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

ደስታዋ ከአፏ ሲወጣ ተሰማት፤ እንደ ልጅ «እሰይ!» አለች። አረፍተ ነገሩ ከሳምንት ጀምሮ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ፤ ረጅም ነው፤ ጭጋጉ አለ፣ የጀልባው ደወል አለ፣ ኤና የምትይዘው ፋኖስ አለ። በስልኳ መተየብ ጀምራ ግማሽ ላይ ስትደርስ ታች ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ሰማች፤ ከዚያ የወጥ ቤቱ ወንበር ተጎተተ። ጆሮዋን ሰጠች። ከልምድ ነው። አረማመዱ ከባድ ነው፤ አልተኛችም፤ ታዲያ አልቅሳ ይሆን? ሎርና ራሷን ገታች። ስልኳን ይዛ ወረደች።

አግነታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ሎርና በሩ ላይ አልቆመችም፤ ዞራ መጥታ፣ እናቷ ልታያት ከምትችልበት ቦታ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች። «አለፈች» አለች።

«ሰምቻለሁ። እሰይ ስትይ።»

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«ወደዚያ ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

አግነታ ቶሎ አልመለሰችም። ሎርና ዓይኗ ወደ እናቷ አገጭ፣ ወደ ጣቶቿ እየሄደ አስቸገራት፤ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን የዶናት ካርቶን ማየት ጀመረች፤ በላዩ የተጻፈውን ዋጋ፣ ክዳኑ ላይ የቀረውን ስኳር። ማቀዝቀዣው ተነስቶ ቆመ። እናቷ ምን እንደተሰማት አላወቀችም፤ አለማወቁ ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?» አለች አግነታ።

«አሥራ ሁለት።»

«ስድስት ደቂቃ ቀርቶሻል።»

«አውቃለሁ።»

«የኔ ነገር በስድስት ደቂቃ አያልቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፤ ተጠራቅሟል።»

ሎርና ስልኳን አወጣች። ጭጋጉንና ደወሉን ፋኖሱንም አጠፋች። «ኤና በመጀመሪያው ጀልባ አልመጣችም» ብላ ጻፈች፤ ላከች። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አግነታ አየቻት፤ ልጇ ሳትቸኩል መቀመጧን እስክታረጋግጥ ድረስ ቆየች። ከዚያ ኩባያዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«ከዳረል ልጀምር» አለች፤ «አይ። ከራሴ ልጀምር።»